ለከዲር የቀረቡ አርባ ጥያቄዎች

ሰዎች «ዶክተር» ሲሉኝ ዝም ብዬ መቀበል የጀመርኩት በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዶክተር አይደለሁም። በሥነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ እሱንም ቢሆን ያገኘሁት አካውንቲንግ ስላልደረሰኝ ነው። ያኔ አሰላ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ፣ በአካባቢው ባለ አንድ ማረሚያ ቤት እሠራ ነበር። የትኛው እንደሆነ ይቅር። አለቆቼ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ይሄን ታሪክ ሲያነቡም ባያነቡም እንዲያው በሰላም ይኑሩ።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ የአምስት ቀን ሥልጠና ወሰድኩ። የሻይ ዕረፍቱ ከትምህርቱ የሚረዝም ዓይነት ሥልጠና ነው። ስመለስ ሰርተፊኬት፣ ስም የታተመበት ቦርሳና አንድ ፎርም ይዤ መጣሁ። ፎርሙ አርባ ጥያቄዎች አሉት። አንድ ታራሚ ከቅጣቱ አብዛኛውን ጨርሶ በአመክሮ ልፈታ ሲል፣ ወጥቶ ወንጀሉን ይደግም እንደሆነ የሚለካው በዚህ ነው። ለእያንዳንዱ መጥፎ መልስ አንድ ነጥብ ይያዝበታል። ነጥቡ ከሃያ አምስት ካለፈ ሰውየው «ከፍተኛ ሥጋት» ነው፤ ቅጣቱን እስከ መጨረሻዋ ቀን ይጨርሳል።

ያንን ፎርም እንዴት እንደወደድኩት ልነግራችሁ አልችልም። ሰው ፊቴ ቁጭ ይላል፣ እጠይቃለሁ፣ እደምራለሁ፣ የወደፊት ዕድሉን አውቃለሁ። ድሮ ይሄን ሥራ የሚሠሩት ጠንቋዮች ነበሩ፤ እነሱ ግን ሰርተፊኬት አልነበራቸውም።

ከዲር ቢሮዬ የገባው ሰኞ ጠዋት ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ግዙፍ፣ ሲራመድ ወለሉን እንዳይጎዳው የሚጠነቀቅ የሚመስል ሰው ነው። ፋይሉ ላይ «የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ በታች «ፈረስ ስርቆት፣ ሦስት ጊዜ» ይላል። አመክሮው ካልተፈቀደለት ገና አንድ ዓመት ከስምንት ወር ይቀረዋል። እሱን ደግሞ ግቢው ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፤ እንቢ ማለት ስለማይችል የሃያ ሰው ልብስ የሚያጥበው እሱ ነበር። እጁ በሳሙና ተላልጦ ነበር። ይሄን አየሁ፤ ፎርሙ ግን ስለ እጅ አይጠይቅም።

አማርኛው ትንሽ ስለሆነ ጠባቂው ሳጅን ንጉሤ በኦሮምኛ እያስረዳልኝ ጀመርን።

«ከዲር፣ ብትፈታ ምን ለማድረግ አስበሃል?»

«ቤት እሄዳለሁ።»

«ከዚያስ?»

አሰበ። «ምሳ።»

«ተጨባጭ የሕይወት ዕቅድ የለውም» ብዬ አንድ ነጥብ ያዝኩበት።

«ጓደኞች አሉህ?»

«ብዙ!» አለና በመስኮቱ በኩል ግቢውን በሙሉ በእጁ አሳየኝ።

«ወንጀል የፈጸሙ ናቸው?»

ይሄን ሳጅን ንጉሤ ሲተረጉምለት ከዲር ገረመው መሰለኝ፣ በመስኮቱ እስረኞቹን አየ፣ እኔን አየ። «ሁሉም» አለ። ሳጅኑ ሳቁን ለመደበቅ ሳለ። እኔ አልሳቅኩም፤ አንድ ነጥብ ያዝኩ።

«በሠራኸው ሥራ ትጸጸታለህ?»

ጸጸት የሚለውን ቃል ሳጅኑ በሦስት መንገድ ሞከረው። ከዲር ፊቱ በራ፤ በራሱ አማርኛ መለሰልኝ። «ፈረሱ ደህና ነው። ጠጥቷል።»

«የተጠየቀውን ትቶ ሌላ ያወራል» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ነጥብ።

መጨረሻው ላይ ዋናው ጥያቄ መጣ። «ብትፈታ ትደግማለህ?»

«ኤዬ» አለ። አዎ ማለቱ ነው። አለውም በፈገግታ፣ ሥራ ሊሰጡት የጠሩት ሰው እንደሚለው።

ሠላሳ አራት ነጥብ! እኔ ካየኋቸው ሁሉ ትልቁ ነበር። ደስ አለኝ ብል ታዝኑብኛላችሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ሚዛኔ ሠርቷል።

ሚዛኔ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ አንድ ሌላ ማስረጃ ልጨምርላችሁ። ከዲርን ከማየቴ ከጥቂት ወራት በፊት የሰው ቤት ለሁለት ሰው የሸጠ አንድ አጭበርባሪ በዚሁ ፎርም መዝኜ ነበር። አቤት ንግግር! ዕቅድ ሲባል ዕቅድ፣ ጸጸት ሲባል እንባ። ሦስት ነጥብ አገኘ፣ በአመክሮ ወጣ። በሁለተኛው ወር ተመልሶ ገባ፤ አሁን ቤቱን የሸጠው ለሦስት ሰው ነበር። ሲያየኝ ከእኔ ቀድሞ ሰላም አለኝ።

ወደ ከዲር ልመለስ። የፎርሙ የመጨረሻ ገጽ የቤተሰብ አስተያየትና ፊርማ ይፈልጋል። እንደ ልማዴ በስልክ ልጨርሰው ፈለግሁ፤ ፋይሉ ላይ ያለው ቁጥር አይሠራም። አመክሮውን የሚወስነው ኮሚቴ የሚቀመጠው ሐሙስ ስለሆነ ማክሰኞ ጠዋት እየተነጫነጭኩ ቤተሰቡ ወዳለበት ወደ ሳጉሬ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ለምን እንደሄድኩ እውነቱን ልናገር፤ ለከዲር ብዬ አይደለም፣ ባዶ ገጽ ስለማልወድ ነው።

የገበያ ቀን ነበር። የከዲር ታላቅ እኅት አዴ ዘይነባ እህል ይነግዳሉ አሉኝ፤ ከገብስ ጆንያዎች ኋላ አገኘኋቸው። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ሴት ናቸው። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው የያዙት ጣሳ ከእጃቸው ወደቀ።

«ሞተ?» አሉ።

«ኧረ አልሞተም! ፊርማ ፈልጌ ነው።»

«ያ ረቢ! ፊርማ!» ጆንያው ላይ ተቀመጡ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆየሁ። ያኔ ትንሽ አፈርኩ። ግን ብዙ አላፈርኩም፣ ወዲያው ብዕሬን አወጣሁ።

«ወንድምዎ ቢፈታ ፈረስ መስረቁን የሚደግም ይመስልዎታል?»

«ከዲር ሰርቆ ያውቃል እንዴ?»

«ሦስት ጊዜ ተፈርዶበታል እኮ።»

«ፍርዱንማ አውቃለሁ፤ ፍርድ ቤት ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። እኔ የምጠይቅህ ስርቆቱን ነው።» ከዚያ እንዲህ ሲሉ አጫወቱኝ። «አባታችን ቤቱ ሰው የሚበዛበት ነበር። ለቅሶ ቢሆን፣ ሰርግ ቢሆን፣ ሽማግሌ ቢቀመጥ፣ ሰው ከየአገሩ በፈረስ ይመጣል። እንግዳ ደግሞ ፈረሱ ተጠምቶ ውጭ ቆሞ እሱ ቁጭ ብሎ አይበላም። ከዲር ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሥራው ይኼ ነው። ፈረሱን ይቀበላል፣ ወንዝ ወስዶ ያጠጣል፣ ግቢያችን አምጥቶ ሣር ያበላል፣ እንግዳው ሲነሳ ያስረክባል። አርባ ፈረስ ቢመጣ የየትኛው ሰው እንደሆነ አይሳሳትም። እኛ እንሳሳታለን፣ እሱ አይሳሳትም። ማንበብ አይችልም፣ ብር መቁጠር አይችልም፤ ይኼን ግን ከእሱ የሚበልጥ ሰው በዚህ አገር የለም።»

«እና ስርቆቱ?»

«አባታችን ሞተ። እንግዳ ቀረ። ከዲር ሥራ ፈታ።» በእጃቸው ወደ ሻይ ቤቶቹ አሳዩኝ። ከፊታቸው አሥር የሚሆኑ ፈረሶች ፀሐይ ላይ ታስረው ላብ ይዟቸዋል። «እነዚያን አየህ? ጌቶቻቸው ውስጥ ሻይ ይጠጣሉ። ከዲር ይኼን ማየት አይችልም። ይፈታል፣ ያጠጣል፣ አባታችን ግቢ ወስዶ ሣር ይሰጣል፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ባለቤቱ ግን ከፖሊስ ጋር ይመጣል።»

አጠገባችን ጆንያ ተደግፈው የሚያዳምጡ ሽማግሌ ነበሩ፣ ኦቦ ቱሱራ ይባላሉ። እንደ ምስክር ሆነው ገቡበት።

«መጀመሪያ የተሰረቀው ፈረስ የእኔ ነው» አሉ። «ስወጣ የለም፤ ማን እንደወሰደው ሳላውቅ ለፖሊስ አመለከትኩ። ሳገኘው ጠጥቶ፣ በልቶ፣ ጋማው ተበጥሮ ነው። ክሱን ልተው ብል መዝገቡ ተከፍቷል አሉኝ። እኔ እንደዚያ የሚሰርቀኝ ባገኝ በየሳምንቱ በተሰረቅሁ!»

በሦስተኛው ፈረስ የከሰሰው ከሁሩታ የመጣ፣ ከዲርን የማያውቅ ነጋዴ ነበር። ፍርድ ቤቱ «ወስደሃል?» አለው፤ «ኤዬ» አለ። «የአንተ ነው?» «አይደለም።» በቃ። ከዲር ላይ ምስክር አያስፈልግም፤ ለተጠየቀው ሁሉ እውነቱን ይናገራል።

«ፈረስ ከመፍታቱ በፊት ባለቤቱን እንዲያስፈቅድ ማንም ነግሮት አያውቅም?» አልኳቸው።

አዴ ዘይነባ የወደቀውን ጣሳ ከመሬት አነሱ። «ማን ይነግረዋል?» አሉ። «አባታችን ጋ እንግዳው ራሱ ገመዱን ይሰጠው ነበር። ገበያ ላይ ገመድ የሚሰጥ እንደሌለ ለእኛም አልታየንም። ዳኛውም ፖሊሱም አትድገም ነው ያሉት። ምኑን እንዳይደግም? ማጠጣቱን?»

በሚኒባሱ ስመለስ ፎርሙ ጉልበቴ ላይ ነበር። አርባ ጥያቄዎቹን እንደገና አነበብኳቸው። «ይሄን ሰው የነገረው አለ ወይ?» የሚል አንድም አልነበረበትም። ሰውየው ሊያስረዳኝ ሞክሮ ነበር፤ ጠጥቷል ብሎኛል። እኔ ለዚያ ነጥብ ይዤበታለሁ። በራሴ በጣም ተናደድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሳጅን ንጉሤን ያዝኩትና ነገሩን ሁሉ አጫወትኩት።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለኝ። «የእኛ አገር ሰው አይደል? ልጅ ሆኜ የአባቴን ፈረስ ለእሱ ሰጥቼ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ሰኞ ለምን አልነገርከኝም?»

«ዶክተር፣ አንተ እኔን የጠራኸኝ እንድተረጉም ነዋ።»

ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ አለፍኩት። ቀኑን ሙሉ ከዲርን አንድ ነገር ብቻ ስናስተምረው ዋልን፤ ገመዱን በእጅህ ካልሰጡህ ፈረስ አትንካ። ፈረስ ስለሌለ ሦስት ታራሚዎች ፈረስ ሆኑልን፤ አንደኛው ያ ቤት ሻጩ ነበር፣ ሲያሽካካ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። የአንገት ልብስ ገመድ አደረግን። ሳጅን ንጉሤ ባለ ፈረስ ሆኖ ሻይ የሚጠጣ መስሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ ከዲር ፈጥኖ እየፈታ ወደ ቧንቧው ወሰዳቸው። አምስት፣ ስድስት ጊዜ መለስነው። ከሰዓት በኋላ ግን ገባው። ፈረሱ ቢያሽካካም ቢንፈራገጥም ቆሞ ይጠብቃል፣ እጁን ወደ ባለቤቱ ይዘረጋል። ገመዱን ሲሰጡት ብቻ ይቀበላል። ሠላሳ ጊዜ ያህል ሞከርነው፣ አልተሳሳተም። ግቢው አጨበጨበለት። ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ያሰርነው ነገር በአንድ ቀንና በአንድ የአንገት ልብስ አለቀ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

ሐሙስ ኮሚቴው ተቀመጠ። አምስት ሰው ነን። የሳጉሬን ነገር፣ ገመዱን፣ ልምምዱን ሁሉ ዘርዝሬ ተናገርኩ፤ እንደዚያ ቀን ተናግሬ አላውቅም። ሰብሳቢያችን በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስም ወረቀቱን ገለጥ አድርገው፣ «ጥሩ። ቁጥሩ ስንት ነው?» አሉ።

«ሠላሳ አራት። ግን ጌታዬ፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም።»

«ያንተ ቁጥር አይደለም እንዴ? ሰዎቹን ሁሉ የምንፈታውና የምናስቀረው በዚህ አይደል?»

የራሴ ጣት ዓይኔ ውስጥ ገባ። ከዲር ይጠራና ይጠየቅ አልኩ። ገባ። ሰብሳቢው በደግነት አዩት።

«ከዲር፣ ብንፈታህ የሰው ፈረስ ትወስዳለህ?»

«ኤዬ» አለ። ቀጥሎ «ገመዱን ከሰጡኝ» ሊል እጁን ሲዘረጋ ክፍሉ ተንጫጫ፤ አንዱ «ሰማችሁ?» ይላል፣ ሌላው ይስቃል። የቀረውን ዓረፍተ ነገር የሰማነው ሳጅን ንጉሤና እኔ ብቻ ነን። ብጮህም ቃለ ጉባኤ ያዡ «አዎ» የምትለዋን ጽፎ ጨርሷል።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ጎንበስ ብለው በለሆሳስ እንዲህ አሉኝ። «ስማ ወንድሜ፤ እኔም እንዲፈታ እፈልጋለሁ። ግን ይኼን ጽፌ ለበላይ ልልክ አልችልም። ወደ ውጭ አውጣውና አልደግምም ማለት አስተምረው። አንዲት ቃል ናት። ቁጥሩንም አንተው ታስተካክላለህ።»

አንድ ዓመት ከስምንት ወር አሰብኩ። የተላጠውን እጁን አሰብኩ። አወጣሁት።

ኮሪደሩ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል ቆምን። «ምንም ቢጠይቁህ፣ አልደግምም በል» አልኩት።

«ገመዱን ቢሰጡኝስ?»

«አሁን ገመዱን ተወው።»

«አንተ ትናንት ገመዱን ከሰጡህ ውሰድ ብለሃል።»

«ከዲር፣ ዶክተሩ እኔ ነኝ አይደል? የትናንቱን እርሳው። አልደግምም በል። ሌላ ምንም እንዳትል።»

ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለጠየቀው ሁሉ እውነቱን ሲናገር የኖረ ሰው ነው። ሳጅን ንጉሤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ፈረስ ትወስዳለህ?» «አልደግምም።» «ታጠጣለህ?» «አልደግምም።» ልክ እንደ መዝሙር አስጠናሁት።

ገባን። ተጠየቀ። «አልደግምም» አለ፣ ጥርት አድርጎ። «ታርሟል!» አሉ ሰብሳቢው፣ ሌሎቹ አጨበጨቡ። እኔም ቁጭ ብዬ ሠላሳ አራቱን ዘጠኝ አደረግኩት። አዴ ዘይነባ ሊወስዱት ሲመጡ እጄን ይዘው ሊስሙት ሞከሩ። አልከለከልኳቸውም ማለት ይቀላል፤ እውነቱ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ታሪኩ እዚህ ጋ ቢያልቅ እኔም ዶክተር እንደሆንኩ እቀር ነበር። በሦስተኛው ወር ለክትትል ወደ ሳጉሬ ሄድኩ። ከዲር ከሻይ ቤቶቹ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን እጆቹን ጭኖቹ ሥር ደብቋቸዋል። ፈረሶቹ እንደ ድሮው ፀሐይ ላይ ናቸው። ያየኛል፣ ፈረሶቹን ያያል፣ መሬቱን ያያል።

በዚህ መካከል ኦቦ ቱሱራ ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ። ሆን ብለው እንደመጡ ያወቅኩት በኋላ ነው። ቀጥ ብለው ከዲር ጋ ሄደው ገመዱን ዘረጉለት።

«እንካ ልጄ፣ ተጠምቷል።»

«አልደግምም» አለ ከዲር።

«እኔ እኮ ነኝ የሰጠሁህ። ቱሱራ ነኝ።»

«አልደግምም።» እጆቹን ይበልጥ ሥር አስገባቸው። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ትከሻውን ሲያሸተው ዓይኑን ጨፈነ። ኦቦ ቱሱራ ገመዱን እንደዘረጉ ቆዩ፤ እኔን አዩኝ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ለማዳን የሮጥኩ መስሎኝ ነበር። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ፎርሜ በሕይወቱ እንደዚያ ጊዜ ትክክል ሆኖ አያውቅም፤ ዝቅተኛ ሥጋት አለ፣ ሰውየውም አልደገመም። በዚያው ዓመት ማረሚያ ቤቱ የተሳካ ተሞክሮ ብሎ ሪፖርት አደረገው፤ ለሌሎችም እንዳሠለጥን ተጠየቅኩ። አምስት ቀን፣ ከሻይ ዕረፍት ጋር።

አልሄድኩም። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ ያንን ፎርም ይዤ ሰው ፊት መቆም አቃተኝ። አሁንም ሰው እጠይቃለሁ፣ አሁንም እጽፋለሁ፤ ግን አንድ ሰው ከጥያቄዬ ጋር የማይገጥም መልስ ሲሰጠኝ ብዕሬን አስቀምጣለሁ። ዶክተር የሚለኝንም አርማለሁ። እናንተም ሥራችሁ ሰው መመዘን ከሆነ፣ መምህር ሁኑ ዳኛ ወይም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ጥሩ መልስ የሰጣችሁ ሰው መልሱን ከማን እንደተማረው አንዳንዴ ጠይቁ። ከእናንተው ሊሆን ይችላል።

ለክትትል ሳጉሬ በሄድኩበት በዚያ ዕለት ለፎርሙ ፊርማ ያስፈልገኝ ነበር። «ታራሚው ከተፈታ ወዲህ ድርጊቱን ደግሟል ወይ?» ይላል። አዴ ዘይነባ ጆንያው ላይ አስደግፈው ስማቸውን ከጻፉ በኋላ ወረቀቱን አልመለሱልኝም። እንደያዙት ቀሩ።

«ልጄ» አሉኝ። «ያኔ እንዳይደግም ብዬ ስንት ዱዓ አደረግኩ። አሁን ቤት ውስጥ ውኃ እንኳ አምጣ ስለው አልደግምም ነው የሚለኝ። አንተ ያልከውን ይሰማል፤ እኔን አይሰማም። እባክህ ሂድና ንገረው፣ ይድገምልኝ።»

ሄድኩ። ድንጋዩ ላይ አጠገቡ ተቀምጬ፣ የኦቦ ቱሱራን ገመድ ይዤ፣ «ተሳስቼ ነው ከዲር፣ ውሸት ነው ያስተማርኩህ» አልኩት። በየገበያው ቀን አሁንም እየሄድኩ እለዋለሁ። ከዲር ደግ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ፈገግ ብሎ ያዳምጠኛል፤ ከዚያም እኔ ደስ እንዲለኝ ብሎ ያስተማርኩትን ጥርት አድርጎ ይመልስልኛል።